የፋይበርግላስ ጀልባ ክሊር ሲጫር፦ ጥያቄና መልስ

በሚኒሶታ በአንድ የጀልባ መጠገኛ ጋራዥ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት ሠርቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚገጥሙኝ ቀለማቸው ከሚያብለጨልጭ ብናኝ የሆነ፣ በላዩም ብርሃን አሳላፊ ጄልኮት (ክሊር የምንለው ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ያለባቸው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ናቸው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ ከማሰሪያው ምሰሶ ጋር ተፋትጎ ክንድ የሚያህል ነጭ ጭረት ወጥቶበታል። ፖሊሽ ይበቃዋል ወይስ መሞላት አለበት?

መልስ፦ በመጀመሪያ በሳሙና አጥበው የቆየውን ሰም በማስለቀቂያ ያንሡት፤ ጭረት የመሰለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከምሰሶው የተላተመ ጎማ ወይም ቀለም ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ውሃ ያርከፍክፉበት። እርጥብ ሳለ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ፣ ጉዳቱ ከላይ ብቻ ስለሆነ በፖሊሽ ወይም በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ጥፍርዎን አግድም ሲያሳልፉበት የሚይዝ ከሆነ ግን መሞላቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። የጀልባውስ ክሊር ያው አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የመኪና ክሊር በመጨረሻ የሚረጭ ሲሆን ውፍረቱም 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጀልባ ግን የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ጄልኮቱ አስቀድሞ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይረጫል፣ ፋይበርግላሱም ከኋላው ይደረብበታል። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ የመኪና ሠራተኛ ቢፍቀው የማያልቅ ይመስለዋል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ቀይ ጀልባ ሳለሰልስ ክሊሩን ጨርሼ ብናኙ ላይ ደረስኩ፤ መዳፍ የምታህል ቦታም ከቀይ ወደ ብርማ ተለወጠችብኝ። ብናኙ በአሉሚኒየም የተለበጠና ከላዩ ቀለም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ቀለሙን ሲፍቀው ብሩ ይወጣል፤ ያንን የሚመልስ ፖሊሽ የለም። ስለዚህ ውሃ እያፈሰሱ ሲያለሰልሱ የሚወርደውን ዝቃጭ ይመልከቱ። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ክሊሩ ላይ ነዎት፤ ቀለም ከያዘ ወይም ካብለጨለጨ በዚያው ቅጽበት ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ጥልቁን ጭረት እንዴት እንደሚሞሉት በዝርዝር ቢያስረዱን።

መልስ፦ ጭረቱን በስለት ጫፍ በቀስታ ከፈት አድርገው አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ እንዲሆን ያድርጉት፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከቀረ አዲሱ ክሊር በደንብ አይይዝም፣ መስመሩም ከሩቅ ይታያል። ውስጡን በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክረው በአሴቶን ይጥረጉትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ክሊር ጄልኮቱን ከማጠንከሪያው ጋር በዝግታ ያዋህዱ፤ በኃይል ከተመታ አየር ይገባበታል፣ በክሊር ውስጥ ያለ አረፋ ደግሞ እንደ ነጭ ቀለም መደበቂያ የለውም። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከገጹ ትንሽ ከፍ እስኪል ይሙሉት። ሰም ያልተጨመረበት ጄልኮት አየር ሲያገኘው ላዩ እያጣበቀ ስለሚቀር፣ ግልጽ ፕላስቲክ ወረቀት ለጥፈው አየሩን በጣትዎ ገፍተው ያስወጡ። በማግስቱ ፕላስቲኩን አንሥተው፣ የብርጭቆ ወረቀቱን በጠንካራ እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ ከፍ ያለውን ብቻ በ400 ያውርዱ፤ ከዚያ በ600፣ በ800፣ በ1000 እና በ1500 ይቀጥሉ። ቁጥር በቀየሩ ቁጥር የአለሳለሱን አቅጣጫ ያዙሩ፤ ያለፈው ወረቀት የተወው መስመር ተለይቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ በፊት የሚታሸው ሻከር ያለ ቅባት)፣ ፖሊሽና ሰም ይከተላሉ። ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት፤ ሙቀቱ ክሊሩን ያቃጥለዋል።

ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ሊያደርስ ስለሚችል ያለ መነጽር ጠርሙሱን አይክፈቱ። ከአሴቶን ጋርም ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። እዚህ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ጄልኮቱ ገና ሳልቀባው ዕቃው ውስጥ ይደርቅብኛል። ማጠንከሪያውን ልተወው?

መልስ፦ ከተዉትማ ጨርሶ አይደርቅም። የተለመደው መጠን በክብደት 1.8 በመቶ አካባቢ ነው፤ ለ20 ግራም ጄልኮት 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ስለሆነ በዓይን ግምት ሳይሆን በትንሽ ሲሪንጅ ይለኩት። በሙቀት ጊዜ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ቢቻልም ከ1.2 በመቶ በታች አይውረዱ፤ ያለበለዚያ የላላ ሆኖ ይቀርና ቶሎ ይደበዝዛል። ይልቁንስ ማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ በጥቂት በጥቂቱ እያዋሃዱ ይሥሩ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ የፀሐዩ ጨረር በቆላ ካለው ይበረታል፤ ሰሙን በዓመት አንዴ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢቀቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በቤቴ ኢፖክሲ ሙጫ አለኝ። በእርሱ ብሞላውስ?

መልስ፦ አልመክርም። ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል፤ በኋላ ጄልኮት ልደርብበት ቢሉም በደንብ አይይዝልዎትም።

ጥያቄ፦ በማዕዘኖቹ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። እነርሱም እንደ ጭረት ይሞላሉ?

መልስ፦ እነዚያ ጭረት አይደሉም። ከሥር ያለው ፋይበርግላስ ሲተጣጠፍ ወይም ሲመታ ጄልኮቱ አብሮ መታጠፍ ስለማይችል የሚሰነጠቀው ስንጥቅ ነው። የሚተጣጠፈው ክፍል ሳይጠናከር ቢሞሉት በዚያው መስመር ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሞልቼ ጨረስኩ፤ ነገር ግን የጠገንኩት ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምናልባት ምንም አላጠፉም። ለዓመታት ፀሐይ የመታው አሮጌው ክሊር ወደ ቢጫ ስላደላ አዲሱ ጎልቶ ይታያል። ዙሪያውን ሰፋ አድርገው በኮምፓውንድ ቢመቱት ልዩነቱ ይቀንሳል። ቦታው ግን እንደ ወተት የደፈረሰ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታልና ፍቀው እንደገና መሙላት ይኖርብዎታል።