ውጤቱን ከመጻፋችሁ በፊት

ላቦራቶሪ ለምትሠሩና ባዮሎጂ ለምታጠኑ ልጆቼ፤

«ጃርዲያ ታይቷል» ብዬ የፈረምኩባቸው ወረቀቶች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል፣ እኔም ሌላ ስላይድ አነሣለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ሳልጠይቅ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ትኩስ ሰገራ በጨው ውሃ በጥብጣችሁ ስታዩ፣ ጃርዲያ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ የአንጀት ጥገኛ ከዛፍ እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገላበጠ ይዋኛል። ሆላንዳዊው የማይክሮስኮፕ ሊቅ ሌወንሁክ በ1681 እ.ኤ.አ. በራሱ ሰገራ ውስጥ አይቶታል። ፍላጀለም የሚባሉ ስምንት የመዋኛ ጭራዎች አሉት፤ አራት ጥንድ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ታዲያ የራሱ ርዝመት አለው። ሕዋሱ አንድ፣ የግንባታው ዕቃ አንድ፣ ርዝመቱ አራት ዓይነት! ማን ለካላቸው?

ፍላጀለም በላቲን ጅራፍ ማለት ነው። የቡሄ ጅራፍ አንዴ ከተገመደ አለቀ፤ ይህኛው ግን ተገምዶ አያልቅም። ማይክሮቱቡል ከሚባሉት ረቂቅ የፕሮቲን ቱቦዎች ዘጠኝ ጥንድ ዙሪያውን፣ ሁለት ደግሞ መሐሉን ይዘው ይቆማሉ። በአየር ቧንቧችን ውስጥ አክታ የሚጠርጉት ረቂቅ ፀጉሮችም የተሠሩት በዚሁ ንድፍ ነው። ፍላጀለሙ ፕሮቲን ስለማያመርት፣ ቱቦዎቹ የሚገነቡበት ቱቡሊን የተባለው ጡብ ከሕዋሱ ተጭኖ እስከ ጫፉ መድረስ አለበት። ጭነቱን የሚያመላልሱትን ተመራማሪዎች ባቡር ይሏቸዋል። ጫፉ ላይ ደግሞ ካይኔሲን-13 የተባለ ፕሮቲን የተገነባውን ያፈርሳል።

እኔ ረጅሙ ብዙ ጡብ ስለሚደርሰው የረዘመ ይመስለኝ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ባቡሮቹ ወደ ረጅሙም ወደ አጭሩም የሚገቡት በተቀራራቢ ፍጥነትና ድግግሞሽ መሆኑን አሳየ። የሚለያየው አፍራሹ ነው፤ አጭሩ ጫፍ ላይ ይበዛል፣ ረጅሙ ላይ ያንሳል። ተመራማሪዎቹም ርዝመቱን የሚወስነው ማፍረሱ ነው የሚል ማብራሪያ አቀረቡ። ይህን ባነበብኩ ቀን ደስታዬ እንቅልፍ ነሣኝ።

ለታማሚው ምን ይፈይዳል የሚለኝ አይጠፋም። በየጤና ጣቢያው የምናውቀው አልቤንዳዞል ጃርዲያን የሚያጠቃው ይህንኑ ቱቡሊን ይዞ ነው። ጡቡን ያላወቀ፣ መድኃኒቱ የት እንደሚያርፍ በምን ያውቃል?

እንግዲህ ሰገራው ሳይቀዘቅዝ እዩት፤ የማይክሮስኮፑን ብርሃንም ቀነስ አድርጉ። ሲዋኝ የቆየው አንዱ መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ጠብቁት። እርሱ ቆሞ ሳለ ከሆዱ ሥር ያለው ጥንድ መምታቱን አያቆምም።