«ሁሉንም የለም አልኳት»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር፣ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 51 ነው። የወገቤ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ ግራ እግሬን እስከ ጣቴ ያቃጥለኛል። የስፌት መኪናውን መርገጥ ካቃተኝ ወራት አለፉ። ኦፕራሲዮን ተወስኖልኛል። በዚህ መሃል አንዲት ነርስ 9 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይዛ መጣች። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቴ፣ «ብሞት ይሻላል» ብዬ አስቤ እንደሆነም ጠየቀችኝ። የታመመው ወገቤ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም ብዬ ሁሉንም «የለም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ነው የሚነጋብኝ። አሁን ብናገር ኦፕራሲዮኑን ይሰርዙብኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተመልሰው ይንገሯት።

ወረቀቱ የድብርት መመዘኛ ነው እንጂ ሕመምዎ እውነት መሆን አለመሆኑን አይፈርድም። የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ነው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። ድምሩ 10 ከደረሰ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግርዎት ባለሙያ ያስፈልጋል ማለት ነው። እንቅልፍ ማጣትና ድካም ከሕመሙም ሊመጡ ስለሚችሉ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ለወገብ ሕመምተኞች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1992 ብሪታንያ ውስጥ የተዘጋጀ መመዘኛም አለ። እሱ ደግሞ ከድብርቱ ሌላ ላብን፣ የልብ ምትንና የሆድ መረበሽን ይጠይቃል።

ኦፕራሲዮኑ ነርቩን ከተጫነው ነገር ያላቅቃል። እንቅልፍ የነሳዎት ሐሳብ ግን አብሮ አይወጣም። በብዙ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ኦፕራሲዮን የሚገቡ ሰዎች ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የሚሻላቸው።

ድሬዳዋ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስሠራ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ቁስሉ ድኖ መራመድ እምቢ አለ። እንዴት ነህ ስለው ሁሌ ፈገግ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» ነው። ባጃጁን ለሕክምናው እንደሸጠና ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ እንዳላየ የነገረኝ በ5ኛው ሳምንት ነው። ፈገግታውን አምኜ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀዶ ሐኪሞችም በዓይን ብቻ ሲገምቱ ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል።

ስለ ኦፕራሲዮኑ፣ እውነቱን መናገር ብቻውን አያሰርዘውም። ምናልባት በምክር ወይም በመድኃኒት እስኪረዱዎት ጥቂት ሳምንታት ይገፋ ይሆናል። ሽንት ከተያዘብዎት፣ በጭንዎ መሃል ከደነዘዘዎት ወይም እግርዎ ከከዳዎት ግን በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ስለ መሞት የተጠየቁትንም ደብቀው ከሆነ ነርሷን እስኪያገኙ አይጠብቁ። ለባለቤትዎ ወይም ለሚያምኑት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ብቻዎን አይደሩ።

ነርሷን ሲያገኟት «ያን ቀን የመለስኩልሽ ልክ አልነበረም፣ እንደገና ጠይቂኝ» ይበሏት።