ከበሩ እስከ ማሽኑ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ደሴ ቴክኒክና ሙያ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለትብብር ሥልጠና ኮምቦልቻ ወደ አንድ ፋብሪካ ከተላክሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን የያዝሁት መጥረጊያ ነው። የተማርሁት ሥራ የሚሞላበትን መዝገቤን ግን ይፈርሙልኛል። ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የራሴ ፊርማ ነው።

በሽመና ክፍል የጥገና ኃላፊ በነበርሁበት ጊዜ ከተላኩልን ሠልጣኞች መካከል ከወረኢሉ የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከማሽኖቹ ሥር የሚከማቸውን የጥጥ ብናኝ እንዲጠርግ አዘዝሁት። አንድ ቀን ከድሩ አንዲት ክር ተበጥሳ ማሽኑ ቀጥ ሲል መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረበና፣ «ክሩ መበጠሱን ማሽኑ በምን አወቀ?» አለኝ። መልሱ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ የድር ክር በአንዲት ስስ ብረት ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ክሩ ሲበጠስ ብረቷ ትወድቃለች፣ መውደቋም ማሽኑን ያቆመዋል። እጁን ይዤ ብረቷን ባስነካው አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እኔ ግን የፈረቃው ምርት አሳስቦኝ «አብሽር፣ በኋላ አሳይሃለሁ» አልሁት። በማግስቱም ጠየቀኝ፤ በሦስተኛው ሳምንትም ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ። ጊዜው ሲያልቅ መዝገቡን አመጣልኝ፤ የሽመና ማሽን ብልሽት መለየትን ከሚመለከተው መስመር ፊት ለፊት «ብቁ» ብዬ ፈረምሁለት። በሙያ ብቃት ምዘናው ዕለት መዛኙ የቆመ ማሽን አሳይቶ ምክንያቱን እንዲያገኝ ሲያዝዘው፣ ልጁ ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞሮ እጁን ሳያሳርፍበት ወጣ። ከወራት በኋላ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ማለፉን ሰማሁ። የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ፈታይ ነበረች። በልጅነቴ እንዝርቱን ስጪኝ ስላት፣ ክሩን እየበጣጠስሁ ባዘቶዋን እንደማባክንባት እያወቀች ሰጥታኛለች። እኔ ስንት ማሽን በእጄ ይዤ እሷ ያደረገችውን አላደረግሁም።

በትብብር ሥልጠና አሠራር ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ ተቋም ይሰጣል። ስሌቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ለሥራና ክህሎት ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሲቋቋምም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ሚኒስቴሩም ኮሌጁም የሚያደርሷችሁ እስከ ፋብሪካው በር ነው፤ ከበሩ እስከ ማሽኑ ያለው መንገድ እንደ እኔ ባለ አንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የዛሬ ወጣቶች ለወረቀቱ ትቸኩላላችሁ፣ ከመፍቻ ይልቅ ስልክ ትጨብጣላችሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ፤ አሁንም እቆጣለሁ። ያ ልጅ ግን ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል።

ለጎረቤቴ ልጅ ተናገሪ አልኋት። ማሽኑ ምርት ላይ እያለ ግን አትጠይቂ፤ ድሩ አልቆ ሌላ የድር ጥቅል በሚገባበት ሰዓት ማሽኑ መቆሙ ስለማይቀር፣ ያን ጊዜ ወደ ጥገና ሠራተኛው ቀርበሽ መፍቻ አቀብዪው። መዝገቡ ሲፈረምም ያልሠራሽው ሥራ ያለበት መስመር ባዶ እንዲተውልሽ ለምኚው። ባዶውን መስመር ያየ የኮሌጁ መምህር ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ሊጠይቅልሽ ይገባል፤ ካልሄደ ደውዪልኝ፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ ብያታለሁ።