የጥንት ሰው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ለምን ሣለ?

ጥያቄው «ደጁ ብርሃን ሆኖ ሳለ የጥንት ሰው በሆዱ እየተሳበ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ለምን ሣለ?» የሚል ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፦ ደጅም ይስሉ ነበር። ፖርቱጋል ውስጥ በኮአ ሸለቆ፣ ፀሐይ በሚመታው ቋጥኝ ላይ በበረዶው ዘመን የተቀረጹ ፈረሶችና የዱር በሬዎች አሉ። እኛም አገር፣ ድሬዳዋ አካባቢ ያሉት የለጋ ኦዳ ሥዕሎች ብርሃን በሚገባው የድንጋይ ጥላ ሥር ናቸው። ደጅ በቀለም የተሣለውን ዝናብና ውርጭ ጠራርጎታል፤ ዋሻው ግን ጠብቆ አቆየ። የምናየው የተረፈውን ነው።

ይህ ግን ሁሉንም አይመልስም። ጥልቁ ድረስ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ፈረንሳይ፣ ኒዮ ዋሻ ውስጥ «ጥቁሩ አዳራሽ» የሚባለው የሚደረሰው ከመግቢያው ከ700 ሜትር በላይ ተሂዶ ነው። መብራታቸው ጎድጎድ ባለ ድንጋይ ላይ የሚነድ የእንስሳ ሞራ ነው። እዚያው ፈረንሳይ፣ ላስኮ ዋሻ የተገኘው ኩራዝ ከቀይ አሸዋ ድንጋይ የተሠራ፣ እጀታ ያለው፣ ቅርጹ ጭልፋ መሳይ ነው፤ ክሩ ከጥድ ነበር። እንዲህ ያለ ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን ከሻማ አይበልጥም። የቀለጠው ሞራ ክሩን ካጥለቀለቀው ይጠፋል፤ ሞራው ካለቀም ይጠፋል። ስለዚህ ተዘጋጅቶ፣ ትርፍ ሞራ ይዞ ነው የሚገባው።

«ለአደን እንዲቀናቸው ነው» የሚለው፣ ፈረንሳዊው ቄስና የዋሻ ሥዕል ተመራማሪ አቤ ብሩይ ያስፋፋው መላምት ላስኮ ላይ ይወድቃል። እዚያ የተገኘው የተበላ አጥንት በአብዛኛው የሬይንዲር (የብርድ አገር አጋዘን) ነው፤ ከመቶዎቹ ሥዕሎች መካከል ግን ሬይንዲር የሚባለው አንድ ብቻ ነው። «ለሕዝብ ለማሳየት ነው» የሚለውም ሩፊኛክ በሚባለው የፈረንሳይ ዋሻ ላይ አይሠራም። የዛሬው ጎብኚ ቆሞ እንዲያይ ወለሉ ተቆፈረ እንጂ፣ ያኔ ጣሪያው ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚርቀው። ሠዓሊው ተጋድሞ ነው ማሞዞቹን (ፀጉራሞቹን የጥንት ዝሆኖች) የሣለው፤ ሙሉውን ጣሪያ እሱ ራሱ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም ነበር።

እኔን የሚያሳምነኝ ግድግዳው ራሱ ተፈልጎ ነው የሚለው ነው። ስፔን፣ አልታሚራ ውስጥ የጣሪያው እብጠቶች የተጠቀለለ ባይሰን (ትልቅ የዱር ከብት) አካል ሆነዋል፤ ኩራዙን ዝቅ አድርጎ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ጥላው ሲሄድ ከብቱ የተነፈሰ ይመስላል። አንሌን ዋሻ ውስጥ ደግሞ የአጥንት ስብርባሪ ሆን ተብሎ በግድግዳው ስንጥቅ ተሰክቶ ተገኝቷል። ቀይ አፈር በአፍ እየተነፋባቸው የታተሙት እጆችም ድንጋዩን መንካት ራሱ ትርጉም እንደነበረው ያሳያሉ። የድምፅ ተመራማሪው ኢጎር ሬዝኒኮፍ በ1980ዎቹ ድምፅ የሚያስተጋባባቸውን ቦታዎች ሲለካ ብዙ ጊዜ ከሥዕሎቹ ጋር ገጠሙለት፤ ነገር ግን ሰፊ አዳራሽ ለሥዕልም ለድምፅም ስለሚመች ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞም ሾቬ ከሚባለው የፈረንሳይ ዋሻ ሥዕሎች እስከ ላስኮዎቹ ወደ 15,000 ዓመት ገደማ አለ። ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ምክንያት የሚያስረዳ መልስ ስታዩ ጠርጥሩ።