ፔት ሁለተኛው ካራክተር ነው፦ ስለ ሀንተር ጥያቄና መልስ

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባለው የኦንላይን ጌም ካሉት ክላሶች (የካራክተር ዓይነቶች) ሁሉ የምወደው ሀንተርን ነው፤ አውሬ ገርቶ ፔቱ የሚያደርግና አብሮት የሚዋጋ አዳኝ ነው። የጠየቃችሁኝን ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ። የምናገረው ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለወጣውና ጣሪያው ሌቨል 60 ስለሆነው ክላሲክ ስሪት ነው። በአዲሱ ስሪት ፔት መመገብም ሆነ ታማኝነቱን ማሳደግ ስለቀረ፣ ግማሹ መልስ እዚያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሌቨል 7 ደርሻለሁ፤ እስካሁን ብቻዬን ነው የምዋጋው። ፔት የማገኘው መቼ ነው?

መልስ፦ ሌቨል 10 ላይ። የሀንተር አሰልጣኝህ ኩዌስት (ተልእኮ) ይሰጥሃል፤ ሦስት አውሬ በየተራ እንድትገራ ያደርግሃል። ስትጨርስ መግራት፣ መጥራት፣ መመገብና የሞተውን ማስነሳት ትችላለህ። ሦስት ሌቨል ነው የቀረህ፣ ክላሱን እንዳትጥለው።

ጥያቄ፦ ፔቴ ጠላትን ቶሎ ቶሎ ይጥል ነበር፤ አሁን ግን ዳሜጁ (የሚያደርሰው ጉዳት) ወርዷል። ስሙ አጠገብ ያለችው ፊትም ቀይ ሆናለች። ምን አጠፋሁ? አዲስ ተጫዋች ነኝ፣ እንዳትስቁብኝ እህታችሁ ነኝ።

መልስ፦ ማን ይስቅብሻል እህቴ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ፔትሽ ርቦት ከፍቶታል። ፊቷ አረንጓዴ ስትሆን ፔቱ 125 በመቶ ዳሜጅ ያደርሳል፤ ቢጫ ስትሆን 100፣ ቀይ ስትሆን 75 ብቻ። ከ125 ወደ 75 ወረደ ማለት ከጉልበቱ 40 በመቶው ሄደ ማለት ነው፤ ምንም ዓይነት ታለንት (ሌቨል ስትጨምሪ የምትመርጪው ማጠናከሪያ) ይህን አይመልስልሽም።

ምግቡን የምትሰጪው ከውጊያ ውጭ ነው። በልቶ እስኪጨርስ 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በመሀል ውጊያ ከተነሳ ይቋረጥና ምግቡ በከንቱ ይቀራል። ምግቡ ከፔቱ ሌቨል በጣም ካነሰ ትንሽ ብቻ ያስደስተዋል፣ ይበልጥ ካነሰ ጭራሽ አይበላም። ድብና ከርከሮ ያገኙትን ይበላሉ። ድመት ሥጋና ዓሣ ትበላለች። ጎሪላ ግን ሥጋ አይነካም፤ ፍራፍሬና እንጉዳይ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከመግራትሽ በፊት ምን እንደሚበላ እይ። ከሞተም ደስታው በጣም ይወርዳል። ቶሎ ቶሎ የሚሞት ፔት ምግብ አይበቃውም፤ ጤናው ሲቀንስ ሜንድ ፔት የሚባለውን የፔት ማከሚያ አትሰስቺ።

ጥያቄ፦ የሚያምር አውሬ ባየሁ ቁጥር ፔቴን እቀይራለሁ። ለፔቴ ስኪል የማስተምርበት የማሰልጠኛ ነጥቤ ግን ሁልጊዜ 0 አካባቢ ነው። ለምን?

መልስ፦ ስለምትቀይር ነው። ታማኝነት 6 ደረጃ አለው። ነጥቡ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ከታማኝነት ደረጃው ላይ 1 ትቀንሳለህ፣ የቀረውን በፔቱ ሌቨል ታባዛለህ። ሌቨል 30 የሆነ አዲስ የተገራ አውሬ ደረጃው 1 ስለሆነ ነጥቡ 0 ነው። ያው አውሬ ደረጃ 4 ሲደርስ 90፣ ደረጃ 6 ሲደርስ 150 ይሆናል። ሌቨል 60 ላይ ሙሉ ታማኝ የሆነ ፔት 300 ነጥብ አለው። አንተ በየጊዜው ከ1 ትጀምራለህ፤ ጓደኛህ ያንን መልከ ጥፉ ከርከሮ ይዞ ይቀድምሃል።

ታማኝነት በገንዘብ አይገዛም። ፊቷን አረንጓዴ አድርጎ ይዞት መዞርና አብሮ መዋጋት ነው። በዝቅተኛው ደረጃ፣ በ1 ላይ ሆኖ ከከፋው ደግሞ ጥሎህ ይጠፋል፤ አይመለስም።

ጥያቄ፦ አሰልጣኙ ግራውልን (ጠላትን ወደ ፔቱ የሚስበውን ስኪል) አስተማረኝ፤ ክሎውና ባይት (መቧጨርና መንከስ) ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

መልስ፦ እነሱን የምትማረው ከዱር አውሬ ነው። የራስህን ፔት ጋጣ (ፔት የሚቀመጥበት ቦታ) ታስገባለህ፤ የምትፈልገውን ራንክ (የስኪሉን ደረጃ) የሚያውቅ አውሬ ትገራለህ፤ ስኪሉን እንደተማርክ የሚገልጽ ጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ አብራችሁ ትዋጋላችሁ። ከዚያ ያንን ለቀህ የራስህን ታወጣና በነጥብህ ታስተምረዋለህ። ጋጣው ሁለት ቦታ ነው ያለው። እኔ አንዱን ለዚህ ብዬ ሁልጊዜ ባዶ እተወዋለሁ፤ አንተም እንዲሁ አድርግ።

ጥያቄ፦ እኔ 34 ነኝ፣ ፔቴ 30። ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

መልስ፦ የኩዌስት ኤክስፒ (ሌቨል የሚያሳድገው የልምድ ነጥብ) ለአንተ እንጂ ለእሱ አይደርሰውም። የሚያድገው በሕይወት ኖሮ አጠገብህ ሆኖ በሚገደለው ብቻ ነው፤ ጋጣ ውስጥም አያድግም። አትጨነቅ፣ አንድ ሌቨል ለመጨመር ከአንተ በጣም ያነሰ ኤክስፒ ነው የሚፈልገው። ሌቨሉ የሚመጥን አውሬ እየገደላችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ይደርስብሃል፣ አያልፍህም።

ጥያቄ፦ ታለንት ላይ ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ላፍርሰው?

መልስ፦ እስከ 60 ባለው ጉዞ ቢስት ማስተሪ (ፔትን የሚያጠነክረው የታለንት መስመር) ላይ ካለህ አትንካው። የመጀመሪያው ማፍረሻ 1 ጎልድ ነው፣ ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 10፤ እየጨመረ እስከ 50 ይሄዳል። ሌቨል 40 ላይ መጋለቢያ እንስሳ መግዛት አለብህ፤ ጎልድህን ለእሱ አስቀምጥ። 60 ገብተህ ሬይድ (የትልቅ ቡድን ውጊያ) ስትጀምር ብዙዎቹ ወደ ማርክስማንሺፕ (የተኩስ ታለንት መስመር) ይዞራሉ፤ ያኔ አፍርስ።

ጥያቄ፦ ብሮክን ቱዝ እንደሚባለው ጥሩ ነው?

መልስ፦ ባድላንድስ የሚገኝ ሌቨል 37 ድመት ነው፤ አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚለው። በየ1 ሰከንዱ ይመታል፤ ብዙዎቹ አውሬዎች ግን በየ2 ሰከንዱ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ምቱ ቀላል ስለሆነ ዳሜጁ እጥፍ አይሆንም። ጥቅሙ ሰው ከሰው ሲዋጋ ነው፦ ስፔል የሚያነብ ጠላትን ደጋግሞ እየነካ ያዘገየዋል። አንተ ኩዌስት ብቻ የምትሠራ ከሆነ ቀናት መጠበቁ አያዋጣህም።

ልትሄድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ስማኝ። ሌላ ፔት እያለህ መግራት አትችልም፤ ዲስሚስ ብታደርገውም (ለጊዜው ብታሰናብተውም) አንድ ነው፣ ጋጣ መግባት አለበት። አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ድመቱ ድንገት ፊቱ ብቅ ስትልበት ከ10 ሌቨል ጀምሮ ያሳደገውን ተኩላ እዚያው አባንደን አለው፣ ለዘለቄታው ለቀቀው። የመግራቱ 20 ሰከንድ ሳያልቅ ሌላ ተጫዋች ድመቷን ገደላት። ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ስለዚህ መጀመሪያ ጋጣ፣ ቀጥሎ ፍሪዚንግ ትራፕ (አውሬውን የሚያደርቅ የበረዶ ወጥመድ)፣ ከዚያ መግራት።

ጥያቄ፦ ዳንጀን (በአምስት ሰው ቡድን የሚገባበት ዋሻ ወይም ምሽግ) ውስጥ በፔቴ ምክንያት ከቡድን አስወጡኝ። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ግራውልን በቀኝ ክሊክ አጥፋው፤ ካልጠፋ ከታንኩ (ጠላትን በራሱ ላይ ከሚይዘው ተጫዋች) ላይ ጠላት ይነጥቃል። ፔቱን ፓሲቭ (በራሱ የማይዋጋበት ሁኔታ) ላይ አድርገውና አንተ ስታዘው ብቻ ይግባ።

ሌላው ዝላይ ነው። ዋይሊንግ ካቨርንስ የሚባለው ዳንጀን ውስጥ ሁላችንም ከገደሉ ወደ ታች ዘለልን፤ ፔቴ ግን መዝለል ትቶ በዋሻው ዞሮ ሊመጣ ሄደ። ሂለሩ (ቡድኑን የሚያክመው) ማና (የአስማት ኃይል) ሊሞላ ተቀምጦ ሲጠጣ፣ ፔቴ ከጥጉ ብቅ አለ፤ በመንገዱ ያለው ጠላት ሁሉ ከኋላው ተሰልፏል። አምስታችንም ሞትን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመዝለሌ በፊት ዲስሚስ አደርገዋለሁ፤ ታች ስደርስ መልሼ እጠራዋለሁ።