ራፕተር 660 ወይስ ራንቸር 420፦ ለጀማሪ የሚሆን ያገለገለ ኤቲቪ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜና እሁድ ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ የተራራ ሞተር) ይነዳሉ፤ እኔም አምሮኛል፤ ነድቼ ግን አላውቅም። ያለኝ 3,500 ዶላር ነው። ሁለት አይቻለሁ፦ አንዱ የ2004 ያማሃ ራፕተር 660፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ። ሌላው የ2012 ሆንዳ ራንቸር 420፣ ፎርባይፎር፣ ፕላስቲኩ የተጫጫረ፣ 3,400 የተባለ። የ12 ዓመት ልጄንም አንዳንዴ ከኋላዬ አስቀምጬ ለመውጣት አስባለሁ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራፕተሩን ተወው። ክፉ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ ለሩጫ የተሠራ ነው። ፍሪሲዮኑን በእጅ፣ ማርሹን በእግር እየቀያየርክ የምትነዳው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ፣ ነዳጁን ትንሽ ስትነካው የሚፈተለክ ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ ቀስ ብሎ ሊነዳው የሚገዛ የለም፤ ከ20 ዓመት በላይ በስንት ጎረምሳ እጅ እንዳለፈ አንተው ገምት። ማብረቅረቁም አያታልልህ። አዲስ ፕላስቲክ ገዝቶ የደከመ ሻንሲ ላይ ማሰር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የራንቸሩ ጭረት ግን ቅርንጫፍ ነክቶት ይሆናል፤ እኔን አያስጨንቀኝም።

ራንቸር ገበሬ አጥርና ድርቆሽ የሚጎትትበት የሥራ ዕቃ ነው። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በሰንሰለት ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው፤ ነዳጁም በኢንጀክሽን ስለሆነ ክረምቱን ቆሞ ሲነሳ እንደ ራፕተሩ ካርቡሬተር ቶሎ አያስቸግርም። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ጉልበት አያስፈልግም።

ይህን ስል ግን የራንቸርን ስም አምነህ ክፈል ማለቴ አይደለም። ለሻጩ ደውለህ “እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሣው” በለው። ስትደርስ ሞተሩን በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያሳየው ችግር ተደብቆብሃል ማለት ነውና ሌላ ቀን ተቀጣጠር። ሲነሳ ጭሱን ተመልከት፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታም ካለው፣ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የቴስታታው ጋስኬት ያጠራጥራል።

ብዙ ገዢ የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው የአየር ፊልትሮውን ቤት ነው። ወንበሩን አንሳና ክዳኑን ክፈት፤ ፊልትሮውን አውጣ። የፊልትሮው መቆሸሽ ራሱ ምንም አይደለም፤ ሥራው ነው። አንተ የምትፈልገው ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ ውስጡን ነው። በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ደቃቅ አቧራ ከወጣ ፊልትሮው ተቀዶ ወይም በደንብ ሳይገጠም ተነድቷል። ያ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ የፒስተኑን ፋሻና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርደዋል። ተንኮሉ፣ ሞተሩ በዚያን ቀን ደህና ይነሳል፣ ድምፁም ያምራል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ግን ዳገት አልወጣም ይልሃል። ከተጠራጠርክ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት፣ ለካ፤ መለኪያውን በማስያዣ የሚያውሱ የመለዋወጫ መደብሮች አሉ። ሆኖም ሲነሳ ግፊቱን ሆን ብሎ የሚቀንስ ዘዴ ያለው ሞተር ስላለ፣ ያገኘኸውን ቁጥር ከራሱ ማንዋል ጋር እንጂ ከመኪናህ ጋር አታወዳድረው።

የሞተሩንም የዲፈረንሻሉንም ዘይት እይ። ማኪያቶ ከመሰለ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ውሃ ጠጥቷል። ፊቱን በክሪክ አንሣና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፤ ቀኝና ግራም እንዲሁ። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታ ወይም ቴስቲና አልቋል። እነዚህ የሚቀየሩ ናቸው፤ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆኑሃል። የሻንሲው ብየዳ ተሰንጥቆ ወይም እንደገና ተበይዶ ካገኘህ ግን አመስግነህ ሂድ። ፎርባይፎሩንም ሻጩ ፊት አስገብተህ፣ የፊት ጎማዎቹ በእውነት መጎተታቸውን እይ።

ስለ ልጅህ ቁርጡን ልንገርህ፤ አይሆንም። ወንበሩ ረዘም ያለው ለሁለት ሰው ተብሎ አይደለም፤ ዳገት ላይ ወደፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደኋላ እየተንሸራተትክ ክብደትህን እንድታመዛዝን ነው። ከኋላህ ሰው ካለ ይህን ማድረግ አትችልም፤ ዳገት ላይ ወደኋላ ሊገለበጥባችሁ ይችላል። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም ሰው እንዳይጫን፣ ከ16 ዓመት በታች ያለም እንዳይነዳው ይላል። ጓደኞችህ የሚሄዱት ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው የሃትፊልድ-ማኮይ የኤቲቪ መንገድ ከሆነ፣ እዚያም ለአንድ ሰው በተሠራ ኤቲቪ ሁለት ሆኖ መግባት ክልክል ነው። ልጁ ከፈለገ በዕድሜው ልክ የተሠራ አነስተኛ አለ፤ መጀመሪያ ግን አንተው ስልጠና ውሰድ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሐምሌ 2006 ወዲህ አዲስ የተገዛ ከ50 ሲሲ በላይ ኤቲቪ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የ2012ቱ እዚያው የተገዛ ከሆነና ሻጩ “ታይትል የለውም” ካለህ፣ ገንዘብህን ከኪስህ አታውጣ። ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከታይትሉ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር፤ ተፍቆ ወይም ተቀብቶ ካገኘኸው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

3,400 ከፍለህ 100 ዶላር ብቻ ይዘህ ወደ ተራራ እንዳትወጣ። ሄልሜት የግድ ነው፤ የመንገዱ ፈቃድ፣ ዘይትና ፊልትሮም አሉ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ፤ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያረጀ ከሆነ አራቱንም መቀየርህ ስለማይቀር፣ የጎማውን ዋጋ አስቀድመህ ጠይቀህ ከ3,400ው ላይ አስቀንሰው።