ልጆችን ይዞ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ወንድና የስድስት ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። በመጪው ጥር ባሌ ሮቤ ዘመድ ልንጠይቅ ስለምንሄድ፣ በዚያው የሶፍ ዑመርን ዋሻ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን ትንሿ ጨለማ ስለምትፈራ ይቅርብን ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅታችን፣ ይውሰዷቸው እንላለን፤ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግን ከጨለማው ይልቅ ውኃው ነው። ዋሻውን የፈለፈለው ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ ሲሆን፣ የኖራ ድንጋዩን ለዘመናት ሰርስሮ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ሠርቷል፤ ዛሬም በውስጡ ያልፋል። በመሆኑም ዋሻው ደጃፍ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ወንዙን ሊያስሞላው ይችላል። ጥር በጋ ስለሆነ ወሩን መርጠዋል፤ ያም ሆኖ ወንዙ እንዴት እንደሰነበተ የአካባቢውን አስጎብኚ ሳይጠይቁ አይግቡ፤ ደፍርሶ ካገኙት ከደጅ ይመለሱ።

ዋሻውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገርን ይጠይቃል። ይህን ለትንሿ ፈጽሞ አንመክርም፤ ታላቅ ወንድሟም ቢሆን ሁለት ሦስት ዓመት ቢጠብቅ አይጎዳም። ሳይሻገሩ የሚደርሱበት ድረስ ገብታችሁ ብትመለሱ ለልጆች በቂ ነው።

ለጨለማው መላ አለው። ለትንሿ የራሷን የግንባር ባትሪ ይግዙላትና ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር እየገባች ትለማመድበት። እንደደረሳችሁ ወዲያው አትግቡ፤ ዓይኗ እስኪለምድ አፉ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። የስልክ መብራት አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ በተጨማሪም አንድ ትርፍ ባትሪ ይያዙ። ድንጋዩ ያንሸራትታልና ሰንደል ጫማ አይሁን። የሌሊት ወፍ ኩስ ላይ ልጆቹ አቧራ እያስነሡ እንዳይሮጡ፤ አቧራው ሳንባን የሚያሳምም ሻጋታ ሊይዝ ይችላል።

ሌላው፣ ቦታው መዝናኛ ብቻ አይደለም። ሼኽ ሶፍ ዑመር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከተከታዮቻቸው ጋር እንደተጠለሉበት ይነገራል፤ ሙስሊሞች ዛሬም ለጸሎት ይሰበሰቡበታል። ታሪኩን መኪና ውስጥ ሳላችሁ ቢነግሯቸው፣ እዚያ ሲደርሱ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ ሳይቆጧቸው ይገባቸዋል።

ከሮቤ በጎሮ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዙ፣ ሳይመሽ እንድትመለሱ በማለዳ ተነሡ፤ ምሳና የሚቀየር ልብስም ይያዙ፤ ልጅ ወንዝ አጠገብ ደርሶ ሳይረጥብ አይመለስም።